የንብ ቅማል እስከ ሰባት ቤት

ቡራዩ፣ ኅዳር 4 ቀን 1958 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ጠዋት

ሦስተኛው ቀፎ ዛሬም አኩርፏል። ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ጤነኛ ቀፎ የሰርግ ቤት ነው። ይኼኛው የልቅሶ ቤት ሆኗል፣ ያውም ሰልስቱ ካለፈ በኋላ፤ ሰው አለ፣ ጨዋታ የለም።

ጭስ ሰጠኋቸው። ክዳኑን ከፈትኩ። አንዷ እጄ ላይ አረፈች። ጀርባዋ ላይ ቀላ ያለ ነገር ያለ መሰለኝ። መሰለኝ ነው ያልኩት፣ ደብተር። አለ አላልኩም።

ኦቦ ቱሉን ጠራሁት። ጎረቤቴ ነው። ዛፉ የእሱ፣ ቀፎው የእኔ፣ ማሩ የእኩል። (ከእንግዲህ ኦ.ቱ. ብዬ እጽፈዋለሁ። ሙሉ ስሙን ካገኘ ይኮራል።) አጎነበሰ፣ አየ፣ ምላሱን መታ። “ኢንጂራነ ካኒሳ” አለ። የንብ ቅማል። በየንቡ ጀርባ ተፈናጣለች። አውራውማ የገበያ ቀን አውቶቡስ ሆኗል፤ እላዩ ላይ ቦታ የለም።

ኦ.ቱ. መድኃኒቱ የትምባሆ ጭስ ነው ይላል። እኔ የተጠመቅሁ ክርስቲያን፣ የንስሐ አባት ያለኝ፣ በስተርጅና ትምባሆ! እምቢ አልኩ። “የምታጨሰው ንቧ ናት፤ እሷ ደግሞ ቄስ የላትም” አለኝ። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ። መረታት አልወድም። ቀኑን ሙሉ ስቁነጠነጥ ልውል ነው።

ያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

አልማዝ በአውቶቡስ መጣች። የልጄ የግርማ ልጅ። አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ሌላው ሰው ልጁን ሐኪም ወይም ዳኛ ያደርጋል፤ የእኛዋ የዝንብ ተማሪ ሆነች። አምና አውራው ወንድ አይደለም፣ ሴት ናት ብላ ከእኔ ጋር ተጣላች። ሴት ሆኖ ተገኘ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁንም አውራው ነው የምለው።

የአባቷን መልእክት ይዛለች። ያው ነው፤ ለገና ጓዝዎን ጠቅልለው ከተማ ይግቡ፣ እኔ ቤት ክፍል ተዘጋጅቷል። ምክንያቱም አምቦ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሊገጨኝ ነበር። መኪናውን አላየሁትም። ሹፌሩም እኔን አላየኝም። እኩል ነን። ታዲያ አገር የምለቀው እኔ ብቻ ለምን?

ላንተ ብቻ ልንገርህ፣ ደብተር። ግራ ዓይኔ ከፋሲካ ወዲህ የሱሉልታ ሜዳ የክረምት ጠዋት ሆኗል። ጭጋግ ብቻ። ቀኙም እየተከተለው ነው። ፊደሎቼ እንደ ባሕር ዛፍ የረዘሙት ለዚህ ነው። ለማንም አልተነፈስኩም። ካወቁ በማግስቱ መኪና ቆሞ ጓዜ ሲጫን ነው። ቀፎ ደግሞ ከተማ አይገባም።

አልማዝ ከንብ ጀርባ አንዷን ቅማል በመርፌ ጫፍ አነሣችና አጉሊ መነጽር ሰጠችኝ። “እግሯን ይቁጠሩልኝ፣ አባባ።” አየሁ። በመነጽሩ ያየሁት፣ የጎላ ጭጋግ። “ስምንት” አልኩ፣ እንደ ዳኛ ጉሮሮዬን ጠርጌ።

ቅማሏን ወደ ብርሃን አነሣች። “ስድስት ነው፣ አባባ።”

“ሁለቱን አንቺ ስታነሻት ሰብረሻል።”

ሳቀች። ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ። አልወደድኩትም።

ከዚያ የባሰውን አመጣች። ይቺ ቅማል አይደለችም አለች። ዝንብ ናት። ዝንብ! ክንፏስ? የለም። ትበራለች? አትበርም። ታዲያ ዝንብነቷ በምን ተገኘ፣ በሹመት? በትውልድ ነው አለች። ነገ ዘሯን ትቆጥርልኛለች። እስኪነጋ ቸኮልኩ።

ኅዳር 5፣ እሑድ

ዛፉ ሥር ችሎት ተቀመጥን። ኦ.ቱ. ዳኛ፣ እኔ ከሳሽ፣ አልማዝ ጠበቃ፣ ቅማሏ ብልቃጥ ውስጥ ተከሳሽ።

ዘር ቆጠራ ለእኔ ሥራዬ ነው። ልጅ ሊዳር ሲል እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ስድስተኛው ላይ አንድ የጋራ አያት ብቅ ካለ ድግሱ ቀረ። በአያት ስንት ጠላ አስደፍቻለሁ! ኦ.ቱ. ደግሞ ቱሉ ገመዳ፣ ገመዳ ባይሳ፣ ባይሳ ሆርዶፋ ብሎ ከጀመረ ምሳ ይቀዘቅዛል። ልጅቷ ነገሩን ለባለሙያዎች ነው ያመጣችው።

ጉድ ነው፤ ቅማሏም ሰባት ቤት አላት። አልማዝ በጣቷ ቆጠረች። አንደኛ፣ እንስሳ። ሁለተኛ፣ ባለ መገጣጠሚያ እግር፤ እዚህ ከሸረሪትና ከጊንጥ ጋር ትዛመዳለች። ሦስተኛ፣ ባለ ስድስት እግር (ይህን ስትል ወደ እኔ ዞረች)። አራተኛ፣ ባለ ሁለት ክንፍ።

ተነሥቼ ቆምኩ። ክንፍ የሌላትን ባለ ሁለት ክንፍ! የሐሰት ምስክር! ኦ.ቱ. ተቀመጥ አለኝ። ርስቱን የተነጠቀ የባላባት ልጅ፣ የባላባት ልጅ መባሉ ይቀራል ወይ አለ። አልማዝ እጇን አጨበጨበች። አያቶቿ ይበሩ ነበር፤ እሷ የንብ ጀርባ ሲመቻት ክንፉን ተወችው።

አምስተኛው ቤት ብራውሊዴ ይባላል፤ የራሷ ብቻ ነው። ይህ ቤት ከሌሎቹ የዝንብ ቤቶች ከየትኛው ጋር በቅርብ እንደሚዛመድ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። አንዱ ከዚህ ያስጠጋታል፣ ሌላው ከዚያ። ደስ አለኝ። ፈረንጅም ዘር ሲቆጥር ይጣላል ማለት ነው። ስድስተኛው ብራውላ። ሰባተኛው ላይ አልማዝ ጣቷን ሰበሰበች።

ሰባተኛውስ? ኮይካ ነው አለች፣ በችኮላ። ትርጉሙስ? “ዕውር ማለት ነው፣ አባባ። ዓይኗ ለምልክት ያህል ነው።”

ኦ.ቱ.ን ሳል ያዘው። ያልታመመ ሰው ሳል አውቃለሁ።

ነገር ለማዞር፣ ታዲያ እንዴት ትበላለች አልኩ። የንቧ አፍ ዘንድ ትወርዳለች። ከንፈሯን በእግሯ ትኮረኩራለች። ንቧ ማር ጠብ ታደርግላታለች። ማየት አያስፈልጋትም። ግርማ ቤት የተዘጋጀልኝ ክፍል ትዝ አለኝ። ምራቴ ሰሐን ይዛ፣ እኔ አፌን ከፍቼ... ተወው።

ተናደድኩ። ሕግ አወጣሁ። ቅማል ከቅጫም ይወጣል፣ ዝንብ ከትል። ትሏን አምጪ አልኳት። ልጅቷ ይህን ስትጠብቅ ኖሯል! ከቀፎው አንድ ቁራጭ የማር እንጀራ አወጣች። በሰሙ ክዳን ሥር ክር የመሰለ ነጭ መንገድ አለ አለች። ኦ.ቱ.ም አየው፤ ሰሙን የተቧጨረ አስመስሎ የሚያበላሸው ይኼ ነው አለ። እኔም አየሁት አልኩ። ምን ላድርግ?

በመንገዱ ጫፍ ትል አለች። ቁራጩ ሌላ ባዶ ብልቃጥ ገባ፣ አፉ በሻሽ ታሰረ። ያቺ ትል ተለውጣ ይቺኑ ክንፍ የለሽ ሆና ከወጣች፣ ዝንብ። ምንም ካልወጣ እኔ ረታሁ።

ውርርዱን ያመጣችው ልጅቷ ናት፣ ስምንቱን እግር አልረሳችም፤ ዝንብ ከሆነች ከአልማዝ ጋር ዓይን ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ቅማል ከሆነች ስለ ሐኪም ሁለተኛ አታነሣም፤ አባቷንም ተከራክራ እዚሁ ታስቀረኛለች። ግርማ በዚህ ዓለም የሚፈራው የእሷን ምላስ ብቻ ነው። ብልቃጡ ቀፎው አጠገብ፣ ከእኔ ጋር ይሰነብታል። አልማዝ ጠባቂ አድርጋ የሾመችው ተከራካሪዋን ነው። ወይ ሞኝነት፣ ወይ ተንኮል። የልጅ ልጄ ናት፤ ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ።

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

አልተቀመጥኩም። ብልቃጡን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ። ፀሐይ ላይ፣ ጥላ ላይ። እስከ ገፈርሳ ግድብ በምርኩዝ ሄጄ ተመለስኩ። ውኃው ነጭ፣ ሰማዩ ነጭ፣ መንገዱ ነጭ። አንድ ሰው ሰላም አለኝ፤ ደህና ነህ ልጄ አልኩት። ሴት ነበረች። ሮጥ ሮጥ ብዬ አለፍኩ።

ኦ.ቱ. ትምባሆውን ይዞ መጣ። ከቀፎው ወለል ነጭ ጨርቅ አነጠፍን። እሱ ጋያውን ስቦ ወደ ውስጥ እፍ ይላል፣ እኔ ቀዳዳውን በጋቢዬ እከልላለሁ። ግማሹ ጭስ ለንቡ፣ ግማሹ ለእኔ። ጨርቁን ስናወጣ ቅማሎቹ እንደ ጤፍ ረግፈዋል አለ። ዳሰስኩት። እውነት ነው፤ ጣቴ ሥር ይንከባለላሉ። እሳት ውስጥ ጣልናቸው።

እንደ ዝንብ ረገፉ ልል ነበር። ምላሴን ነከስኩ። የጠላትን ክርክር በነጻ አልረዳም።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል፣ እሑድ

ውርደት። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴ መምሬ መጡ። አልማዝም አለች። እሳቸው በር ላይ፣ እኔ ከመደቡ ተነሥቼ ጎንበስ። መስቀል ሊያሳልሙኝ እጃቸውን ዘረጉ መስሎኝ ያዝኩና ተሳለምኩ፤ በግንባሬ አስነካሁ፣ በከንፈሬ ሳምኩ። ከንፈሬ ጠጕር አገኘ። ጭራቸው ነው! የዝንብ መከላከያ ጭራ! መስቀሉ በሌላው እጃቸው ነበር።

መምሬ ጭራቸውን ሰብስበው አሸተቱ። “አቶ ዘውዴ፣ ትምባሆ ነው የሚሸተኝ?”

ደብተር፣ በሕይወቴ አንድ ጥፋት ሌላውን ሲሸፍንልኝ ያየሁት ዛሬ ነው። ጭራው ተረሳ፣ ስለ ትምባሆ ተጠየቅሁ። የንቦቹ ነው፣ አባቴ፣ እነሱ ናቸው የሚያጨሱት አልኩ። ስግደት አዘዙኝ። ለንቦቹስ? አልኩ። ስግደቱን እጥፍ አደረጉት።

አልማዝ ግን ጭራውን አልረሳችም። ስትሄድ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ አስተካክላ፣ ለአባዬ አልነግርም አለችኝ። ቢነግሩት አንቱ ይንገሩት። እኔ ከአንቱ ጋር ውርርድ ነው ያለኝ። ይህን ብላ ወጣች። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

የሦስተኛው ቀፎ ድምፅ ትንሽ ከፍ ብሏል። እንደ ማኅበር ቤት፣ ገና ጠላ ሳይቀዳ።

ኅዳር 19፣ እሑድ

አልማዝ ፈተና ላይ ናት። በእሷ ፈንታ ግርማ ራሱ መጣ። ጫማ ገዝቶልኛል፣ የከተማ ጫማ። ተንኮሉ ገባኝ፤ ይህ ጫማ ጭቃ አይረግጥም።

ዓይንዎ እንዴት ነው አለ። እንደ ንስር አልኩ። ጫማው የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ከጠረጴዛው አነሣሁ። ክንዴን ዘርግቼ አነበብኩለት። ግርማዊ ጃንሆይ አንድ ትምህርት ቤት ጎብኝተው ለተማሪዎች ምክር ሰጡ አልኩ። ሁልጊዜ ከዚያ ነው የሚጀምረው፤ በምን እስታለሁ?

ግርማ ሳቅ ጀመረ። ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። “አባባ” አለኝ፣ በልጅነቱ ሲታመም እንደሚጠራኝ። “ጋዜጣው እኮ ዐረብኛ ነው። ከመርካቶ ባለ ሱቁ የጠቀለለበት።”

ዐረብኛ መሆኑን አውቃለሁ፣ ተርጕሜ ነው ያነበብኩልህ አልኩት። አልሳቀም። ተነሥቶ ወደ ቀፎዎቹ አየ። ለገና መጥቶ ይወስደኛል። ቀፎዎቹ ለኦቦ ቱሉ ይሰጣሉ። መጀመሪያ ሐኪም ይታዩ አለኝ፣ እምቢ አልኩ፤ ከተማውንም ሐኪሙንም እምቢ ካሉ ምርጫው የእኔ ነው አለ። ሲሄድ እጄን ይዞ ሳመው፣ እንደ ተሰናባች። ጫማውን ኦ.ቱ. ይለካው። ይጥበበው።

የቀረችኝ አልማዝ ብቻ ናት። እሷ የምትከራከርልኝ ካሸነፍኳት ነው።

ኅዳር 22፣ ረቡዕ

ኦ.ቱ. ዛሬ ቀልድ የለውም። ለምን ሐኪም አትሄድም አለኝ። ሰበታ ያለውን ወዳጃችንን አነሣ፤ ዓይኑን በቢላ ነክተው ሞራውን ገፈፉለት፣ አሁን በመርፌ ቀዳዳ ክር ያስገባል። አዎን አልኩ፣ በራለትና የሚስቱን እርጅና አየ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። ኦ.ቱ. አልሳቀም። ሚስቱም የእሱን አይታ ችላለች አለ።

ቢላ አልፈራም፣ ደብተር። ዕድሜ ልኬን ንብ ነክሶኛል። የምፈራው ሌላ ነው። አሁን ማንም አላየኝም። ስለዚህ ይድናል እላለሁ፣ ጠዋት ጠዋት። ሐኪም ገልጦ አይቶ፣ አይ አባቴ ጊዜው አልፏል ካለኝ፣ ጠዋት ተነሥቼ ምን እላለሁ?

ይኸው ጻፍኩት። አሁን ዝም በል።

ብልቃጡን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ሞኝ። ትል አይዘምርም።

ኅዳር 25፣ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ

አልማዝ በቀትሩ አውቶቡስ ትመጣለች። ፈተናዋ አልቋል።

ተቀምጬ ተነሣሁ። ቀፎ ሦስት ይጮኻል፤ ዛሬ ሰርግ ነው። ለኦ.ቱ. ልነግረው ወጣሁ፣ ከብት ሊያጠጣ ሄዷል። ተመለስኩ። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሣሁ። ነጭ። አጉሊውን ጨመርኩ። ትልቅ ነጭ።

ሻሹን ፈታሁ። ጣቴን ሰደድኩ፣ የማር እንጀራውን ቀስ ብዬ ነካሁ። ሰሙ በአንድ በኩል ተሰንጥቋል። ማር ጣቴን ያዘኝ። አወጣሁት። ልልሰው ስል ቆምኩ።

አንድ ነገር እየሄደ ነው። አውራ ጣቴ ላይ። በጣም ትንሽ፣ ትንኝ እንኳ አትሆንም፤ ግን ፈጣን። ማሩን አልፋ ወደ አንጓዬ ወጣች። እዚያ ጠጕር አገኘችና ጨበጠችው። ትል አይጨብጥም። ትል እግር የለውም። ይቺ በእግሯ ነው የያዘችኝ። ክንፍ? ሌላውን ጣቴን ከጀርባዋ በላይ በስሱ አሳለፍኩ። ምንም። ለስላሳ፣ ክብ።

ብልቃጡ ውስጥ የገባው ማርና ትል ብቻ ነበር። ከትል ወጥታለች። ክንፍ የለሽ ሆና ወጥታለች።

ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። እፍ ብላት ማን ያየኛል? ባዶ ብልቃጥ፣ የደረቀ ሰም፣ ትሏ ሞተች፣ አልማዝ ተረታች፣ ግርማ ተረታ። ጉንጬን ነፋሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ነፋሁ።

እሷ ግን መንገዷን ቀጠለች። በክንዴ ወደ ላይ፣ እየኮረኮረችኝ። አፍ ፍለጋ መሆን አለበት። ንብ መስያታለሁ። እኔ እሷን አላየኋትም፤ እሷም እኔን አላየችኝም። እኩል ነን። ግን አልቆመችም። ጠጕሩን እየዳሰሰች፣ የማን ጀርባ ላይ እንዳለች ሳታውቅ ትሄዳለች።

ሳቅሁ። ጉንጬ ውስጥ የያዝኩት ትንፋሽ በሳቅ ወጣ፣ በጎን፣ እሷን ሳይነካ።

የማር እንጀራውን ጫፍ ክንዴ ላይ አስጠጋሁላት። ጠበቅሁ። መኮርኮሩ ሲቆም ወደ ብልቃጡ መለስኩት። አፌን አስጠግቼ አንድ ነገር ነገርኳት፤ ለአንተ አልጽፍም። ሻሹን አሰርኩ። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ አመለጠኝ።

እንግዲህ ብራውላ ዝንብ ናት። ባለ ሁለት ክንፍ፣ ያለ ክንፍ። ይህን የምጽፈው አልማዝ ሳትገባ ነው፤ ስትገባ እኔ ነኝ ቀድሜ የምነግራት። ብልቃጡን ከማየቷ በፊት። ለግርማም አንድ ቃል አልማዝ ትንገረው፤ መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ በኋላ ይከራከረኝ። ሐኪሙ የሚለውን ይበል። ቀፎ ሦስትም የልቅሶ ቤት ነው ብዬ ነበር፣ ስማው አሁን።

ኦ.ቱ. እስክመለስ ቀፎዎቹን ይጠብቃል። እስክመለስ ነው ያልኩት። ማሩን እንዳይነካ የማር እንጀራውን ቆጥሬ አስረክበዋለሁ።

አውቶቡሱ ጥሩንባ ነፋ። የከተማውን ጫማ ላድርግ ይሆን? የት ነው ያስቀመጥኩት?

አንድ ነገር ግን አልተውም። ሐኪሙ ጣቱን ዘርግቶ ይህ ስንት ነው ካለኝ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ስምንት ነው የምለው።